ፈረስ የበላው አበባ

እመቤት ያችን ቃል የተናገረችው ቆሰበር ከተማ ላይ የጭማቂ ቤቷ በተከፈተበት ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ግድም ነው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ደጊቱ ከዳንግላ በሚኒባስ መጥታ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች በሩ ላይ እንደቆመች፣ ካሜራ ይዞ የሚዞር አንድ ጎልማሳ አያትና ባለቤቲቱን "እሷስ ምንሽ ናት?" ብሎ ጠየቃት። እመቤት ዞር ብላ አየቻት። ባሏ መሳፍንት አጠገቧ ቆሟል። እሱን ቃኘት አደረገችና ፈገግ አለች።

"በፊት ዕቃ ታጥብልኝ ነበር" አለች። "ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች።"

ደጊቱ ዕቃ አጥባላት አታውቅም። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ቆሰበር ውስጥ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው፣ ከየቤታቸው የሚላክላቸውን ስንቅ አንድ ላይ አኑረው፣ ካንድ ሳህን እየበሉ የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ሳህኑን በተራ ነበር የሚያጥቡት።

አንዲት አስተናጋጅ ጥግ ወዳለች ጠረጴዛ ወስዳ አስቀመጠቻትና ብርጭቆ አቀረበችላት። ብርጭቆው ውስጥ እንደ መስከረም ሰማይ የጠራ ሰማያዊ ውኃ አለ። አስተናጋጇ በጨርቅ ከተጠቀለለች ትንሽ ማንቆርቆሪያ ጠብ ስታደርግበት ሰማያዊው ታመሰ፣ ሐምራዊ ሆነ፣ ቀጥሎም ወደ ጽጌረዳ ቀለም ፈካ። በዙሪያው የተቀመጠው ሰው አጨበጨበ።

"አበባው ከሩቅ ምሥራቅ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው" አለች አስተናጋጇ፤ እንድትል የተነገራትን ነው። "ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለውን ግን ከእመቤት በቀር የሚያውቅ የለም።"

ደጊቱ ታውቀዋለች። ሎሚና ማር ነው። የገዛ እጇ ሥራ ነው።

ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጣችው። ተነሥታ ወጣች። መነኻሪያ ሄዳ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስትጠብቅ፣ ረዳቱ "ዳንግላ፣ ዳንግላ" እያለ ሲጣራ፣ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ኀዘን እንዳልሆነ ገባት። ኀዘን ጉልበት ይነሳል። ይኼ ግን ጉልበት ይሰጣት ጀምሯል።

አበባውን መጀመሪያ ያገኘችው ቻግኒ አጠገብ ከሚኖሩት አክስቷ፣ ከእትዬ ወርቅአየሁ ጓሮ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የእንስሳት መኖ ባለሙያ ለአካባቢው ገበሬ ዘር አድሎ ነበር፤ ለላም ወተት ይጨምራል የተባለ ሐረግ። ሌላው ዘርቶ ከብቱ ሲጨርስበት ተወው። እትዬ ወርቅአየሁ ግን አበባው ስላማራቸው ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ባለው አጥር ላይ አሳደጉት፤ ከአጥሩ የተረፈውን ላሞቻቸው ይበሉታል። አንድ ጊዜ ደጊቱ ልትጠይቃቸው ሄዳ ሐረጉን ሲያጭዱ ስታግዛቸው ጣቶቿ ሰማያዊ ሆኑ። ቀለሙን ላስለቅቅ ብላ ሎሚ ስታሽባቸው ሐምራዊ ሆኑ። እትዬ ወርቅአየሁ አማተቡ፣ በአገሬው ቋንቋ በአውኚም አንድ ነገር አጉተመተሙ። ደጊቱ ግን ሌላ ሎሚ ቆረጠች።

ዳንግላ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለመምህራን ሻይና ዳቦ ታቀርብ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ወጥ ቤቷ ገብታ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን አበባ ስትፈትን ከረመች። የሚንተከተክ ውኃ ስታፈስበት ቀለሙ ይደፈርሳል፤ ከእሳት ወርዶ ጥቂት የበረደ ውኃ ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ሰማያዊውን ሁሉ ይስበዋል። ማሩን እዚያው ስትጨምረው ሎሚ ሳይነካው መደብዘዝ ጀመረ፤ ስለዚህ ማሩን ከሎሚው ጋር በጠበጠችና ሰማያዊውን ለብቻው ተወችው። አበባው ሽታ የለውም፤ ሁለት ሦስት የጠምበለል አበባ አብራ ስትዘፈዝፍበት መጠጡ ነፍስ ዘራ። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራትም።

ለሰው ያቀረበችው መጀመሪያ በእመቤት ልጅ ክርስትና ነው። የዚያን ዕለት እመቤት እጇን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተቻት። "ደጊቱ፣ ይኼን ይዘን ቤት እንከፍታለን። መሳፍንት አስፋልቱ ዳር ያለውን ክፍል ይሰጠናል። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እኔ ሰዉን እይዛለሁ" አለቻት። ደጊቱ ሁሉንም አሳየቻት። የውኃውን ሙቀት፣ የማሩን ልክ፣ የጠምበለሉን ነገር፣ አበባው የሚለቀምበትን ሰዓት ሳይቀር።

ከዚያ የደጊቱ እናት ታመሙ። አምስት ወር ሙሉ ከአልጋቸው ሥር አልተነሣችም። እመቤት መጀመሪያ በየቀኑ ትደውል ነበር፣ ኋላ በየሳምንቱ፣ ኋላም "ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው" ማለት አመጣች። እናቲቱ ተሽሏቸው መቀመጥ በጀመሩ ሰሞን ደጊቱ የቤቱን መከፈት ከአንድ መምህር አፍ ሰማች። ሊያስደንቁኝ ደብቀውኝ ይሆናል ብላ፣ ደስ ብሏት፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነበር የሄደችው።

ነጥቀውኛል ብላ ብቻ ቢሆን ምናልባት በጊዜ ይበርድላት ይሆናል። ያችን ቃል ግን መዋጥ አልቻለችም። ዳቦ ስታቦካ ትሰማታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ትሰማታለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

መጀመሪያ ያሰበችው አጭሩን መንገድ ነው። ስትፈትን ያገኘችውና ለእመቤት ያላሳየቻት አንድ ነገር ነበር፤ ለኬክ የሚገባው ሶዳ አንድ ቁንጥር ከገባበት ሰማያዊው እንደ ረግረግ ውኃ አረንጓዴ ይሆናል። እመቤት በጥቅምት ለአንድ ትልቅ ሠርግ መጠጡን ልታቀርብ ተዋውላለች፤ የሠርጉ ወጥ ሠሪ ደግሞ የደጊቱ ጎረቤት ናት። አንድ ቁንጥር ይበቃል። ደጊቱ ሦስት ቀን ሙሉ ስታስበው ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤቷ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ሶዳውን ጨመረችበትና አረንጓዴውን ትክ ብላ አየችው።

የተወችው ለሙሽራይቱ አዝና አይደለም። ሰው "ዛሬ ተበላሸባት" ብሎ ያልፋል፤ እመቤት ደግሞ በማግሥቱ አስተካክላ ትቀርባለች። ደጊቱ የፈለገችው የማይስተካከል ነገር ነው። እመቤትን ያቆማት ያ በጨርቅ የተጠቀለለ ማንቆርቆሪያ እንደሆነ፣ ምስጢሩ ሲሞት እመቤትም አብራ እንደምትወድቅ ያን ጊዜ ገባት። አረንጓዴውን ውኃ ደጅ ደፋችና ለሥራው ቀን ቆረጠች።

ጥር ሃያ ሁለት ቀን ቻግኒ ወረደች። እትዬ ወርቅአየሁ ያሰበችውን ሲሰሙ ማጭዳቸውን አስቀመጡ።

"የእመቤት ባል መሳፍንትም እዚህ ይመላለሳል" አሉ። "ለመድኃኒት ነው እያለ ከጎረቤቶቼ አበባውን ይለቅማል። እኔን ሲጠይቀኝ አልሰጠሁትም።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። አሁን እኔ ግን ብዙ እፈልጋለሁ። ደረቁንም፣ ዘሩንም፣ እርጥቡንም ከነሐረጉ።"

"ለሰው ሁሉ ካሳየሽ አንቺስ በምን ትኖሪያለሽ? ነገ ያንቺንስ ማን ይገዛሻል?"

"ለኔ ካልሆነ ለሷም አይሁን።"

"ልጄ፣ ጎተራሽን አቃጥለሽ አይጥ ልትገድይ ነው።"

"አይጧ ከሞተች ይቃጠል፣ እትዬ" አለች ደጊቱ።

እትዬ ወርቅአየሁ ብዙ አዩዋት። ከዚያ ማጭዳቸውን አንሥተው ወደ አጥሩ ሄዱ። ሁለቱም እስከ ማታ ሲያጭዱ ዋሉ።

ጥር ሃያ ሦስት የፈረሰኞች በዓል ነው። በዚያን ቀን ቆሰበር ላይ መቆሚያ አይገኝም፤ ከጥሊሊ፣ ከዳንግላ፣ ከቻግኒ፣ ከየገጠሩ ሰው ይጎርፋል፣ ፈረሱ በቀይና በቢጫ ጌጥ አሸብርቆ ሜዳውን ይሞላዋል። እመቤት ከሜዳው አፋፍ ድንኳን ተክላለች። ነጭ ለብሳ፣ ማንቆርቆሪያዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ብርጭቆ በቀረበ ቁጥር ዓይኗን ጨፍና ጠብ ታደርጋለች። ሰልፉ ረጅም ነው።

ደጊቱ ከድንኳኑ ፊት ለፊት፣ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ፣ አንዲት ጠረጴዛ ዘረጋች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የፍል ውኃ ፔርሙዝ፣ አንድ ዘንቢል ሎሚ፣ አንድ ገንቦ ማርና የደረቀው አበባ አለ። እርጥቡ ሐረግ በሁለት ትላልቅ እስር ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሴቶቹን ጠራች።

"እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ኑ እዩ። በየቤታችሁ ትሠሩታላችሁ። ምንም አላስከፍልም።"

መጀመሪያ አራት ሴቶች መጡ። ደጊቱ አበባውን ጭብጥ አድርጋ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችና ውኃ አፈሰሰችበት። "ውኃው እንዳይንተከተክ፤ ጣት ቢገባበት የሚያቃጥል፣ ግን የማይልጥ ይሁን" አለች። ሰማያዊው ሲወርድ ሴቶቹ ተጠጉ። ሎሚውን ዓይናቸው እያየ ቆረጠችው፣ ከማር ጋር በጠበጠችው። "ማሩ ከሎሚው ጋር ነው፣ ከሰማያዊው ጋር አይደለም። ይኼን ከረሳችሁ ቀለሙ ይሞትባችኋል።" ማንኪያውን ለአንዲት አዛውንት ሰጠቻቸው። "እርስዎ ይጨምሩት፣ እማማ።"

አዛውንቷ ጨመሩ። ሰማያዊው በእጃቸው ላይ ሐምራዊ፣ ከዚያም ጽጌረዳ ሆነ።

"ሎሚ ብቻ ነው እንዴ?" አሉ አዛውንቷ።

"ሎሚ ብቻ ነው።"

ሴትዮዋ ዞረው ወደ ድንኳኑ አዩ። የነበሩት አራት ሴቶች አርባ ሆኑ። ከእመቤት ሰልፍ ላይ ሰው አንድ በአንድ እየለቀቀ መጣ። ደጊቱ ዘሩን በወረቀት እየጠቀለለች ትሰጣለች፤ "በቆላው አጥር ላይ ይወጣል፣ በደጋው ግን ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ፈልጉለት" ትላለች።

"እህት፣ ለመሆኑ ከየት አገር የመጣ አበባ ነው?" ብሎ አንዱ ጠየቃት። ስትጠብቀው የነበረው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

አባቷን የሚያውቁ አንድ ፈረሰኛ፣ ጋሼ ዓለምነው፣ ዳማ ፈረሳቸውን እየሳቡ በዚያ ሲያልፉ አይታ ነበር። "ጋሼ፣ ፈረስዎን ምሳ ልጋብዝልዎት?" አለቻቸው። እሳቸው ምንም የሚያውቁት ነገር የለም፤ ደስ ብሏቸው ልጓሙን ላላ አደረጉለት። ደጊቱ አንዱን እስር ፈትታ፣ ሰማያዊ አበባው እንደፈካ፣ ፈረሱ አፍንጫ ሥር አቀረበችለት። ፈረሱ አንድ ጊዜ አሸተተ። ከዚያ አበባውንም ቅጠሉንም እያፋፈሰ ይግጠው ጀመር።

"ቻግኒ ነው አገሩ" አለች ደጊቱ፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ። "የከብት መኖ ነው። አክስቴ ላሞቻቸውን ያበሉታል። በአውሮፕላን የሚመጣውን ግን እኔ አላውቅም፤ እሷን ጠይቋት።"

ሳቁ ከጠረጴዛው ጀምሮ እስከ ሜዳው ሄደ። ስልኩን ያላወጣ ሰው አልነበረም። ፈረሱ ሳቁ ሳይገደው ሁለተኛውን እስር ፈልጎ አንገቱን አሰገገ፤ ሰማያዊ አረፋ ከከንፈሩ ይንጠባጠባል።

እመቤት ከድንኳኗ ወጥታ መጣች። ማንቆርቆሪያዋን አላስቀመጠችውም። ፊቷ አመድ መስሏል። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ደጊቱ፣ እባክሽ። በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገር" አለቻት።

"ምን እንነጋገራለን? ዕቃ አጣቢና እመቤት ምን ይነጋገራል?"

"እኔ እኮ እንዲያ ማለቴ …"

"ማንቆርቆሪያዋን ክፈቻት። ሰዉ ይይልሽ።"

እመቤት አልከፈተችም። ከሕዝቡ መካከል አንድ የማይታይ ሰው፣ "እመቤት፣ ለኔም አንድ እስር" አለ። ሰዉ እንደገና ሳቀ። እመቤት ወደ ድንኳኗ ስትመለስ እግሯ በድንኳኑ ገመድ ተጠልፎ ተንገዳገደች፣ ወደቀች ሲሏት ተረፈች። ደጊቱ ያንን ያየችበት ዓይኗ አልተርገበገበም። በሕይወቷ እንዲህ ጣፋጭ ነገር ቀምሳ አታውቅም።

ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ ነገሩ በየቤቱ ገባ። በየማኅበሩ፣ በየክርስትናው ሴቶቹ ይሠሩታል፤ ደረቁን አበባ ቻግኒ ዘመድ ያለው ሁሉ ያስልካል። የእመቤት ቤት ግን ባዶ ሆነ። ልጆች "መኖ ቤት" የሚል ስም አወጡለት። አላፊው አግዳሚው በበሩ ሲያልፍ እንደ ላም ይጮኻል። ደጊቱ ከቆሰበር የመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ሻይ ቀድታ ታስቀምጥና ታስወራዋለች። "እንዴት ብለው ነው የሚጮኹት?" ትላለች። የሰማችውን እንኳ ደግማ ትሰማዋለች።

እትዬ ወርቅአየሁ ያሉትም ደረሰ። ዳንግላ ላይ ለግብዣ መጠጡን የሚያዟት ሁለት ማኅበሮች ነበሩ፤ ሁለቱም አቆሙ። "አሁን እኮ እኛው እንሠራዋለን፣ እግዜር ይስጥሽ" አሏት። ወደ ሻይና ዳቦዋ ተመለሰች። አልከፋትም፤ ወይም እንዳልከፋት ለራሷ ነገረች።

በሆሳዕና ሰሞን የንስሐ አባቷ ቄስ ምንይችል ቤቷ መጡ። እመቤት እንዲያስታርቋት ለምናቸዋለች።

"ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው" አሏት። "ሁለት ወር ጾመሽ ምን ልታተርፊ ነው? ታረቂያት።"

"አባ፣ ስግደቱን ልጨምር፣ ጥሬም ልብላ፣ የፈለጉትን ይዘዙኝ" አለች ደጊቱ። "ይችን ግን አይዘዙኝ። ገና አልወጣልኝም።"

ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሟትና ሄዱ። በዚያ ፋሲካ አልቆረበችም።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ሰኞ፣ ደጊቱ ቆሰበር ዱቄት ልትገዛ ሄዳ ስትመለስ በሚኒባሱ ውስጥ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ነው አጠገቧ ያለችውን ያወቀቻት። እመቤት ከስታለች። በመስኮቱ በኩል ጥቅልል ብላ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ተቀምጣለች። መውረድ ለሁለቱም አልሆነላቸውም፤ መኪናው ተንቀሳቅሷል።

መኪናው ከቆሰበር ወጣ። ኋላ እመቤት ወደ መስኮቱ እንዳየች፣ "ያን ቀን ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ልንገርሽ?" አለች።

ደጊቱ ዱቄቷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

"መሳፍንት ለሰዉ ሁሉ 'የሚስቴ ፈጠራ ነው' ብሎ ነበር። ካሜራው ፊቴ ላይ ነው። ስምሽን ብጠራ መጠጡ ያንቺ መሆኑ ሊታወቅ ነው። ፈራሁ።"

"ፈርተሽ ዝም ማለት ትችይ ነበር።"

"እችል ነበር" አለች እመቤት። "ይቅር በይኝ።"

አላለቀሰችም። ደጊቱ በሐሳቧ ስንት ጊዜ ይህን ስታይ፣ እመቤት ሁልጊዜ እያለቀሰች ነበር፤ እሷም የምትመልሰው የተዘጋጀ ቃል ነበራት። አሁን ያ ቃል አልገጠመላትም። አፏን ልትከፍት ስትል መኪናው አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ቆመ። ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። ከሚገቡት መካከል አንዱ ጎረምሳ እመቤትን ከነሻሿ አወቃትና ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ፣ እንደ ላም፣ ረዘም አድርጎ ጮኸ።

ተሳፋሪው ሳቀ። ደጊቱም ሳቀች። አጭር ሳቅ ነው፣ በአፍንጫዋ የወጣ፣ ከማንም ሳቅ ያነሰ። እመቤት ግን ከሁሉም ለይታ ሰማችው። ዞራ አንድ ጊዜ አየቻት። ከዚያ እስከ ዳንግላ የከፈለችበትን ትታ፣ "ወራጅ አለ" ብላ፣ በሰው ጉልበት ላይ ተሻግራ ወረደች። ረዳቱ በሩን ዘጋው። ደጊቱ በመስኮቱ ስታያት ፌስታሏን በብብቷ ይዛ፣ ወደየት እንደምትሄድ ያልወሰነ ሰው መስላ፣ አስፋልቱ ዳር ቆማ ነበር። እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ ልትጠራት ፈለገች። አልጠራቻትም።

ከዚያ በኋላ አልተገናኙም። እመቤት ልጇን ይዛ ባሕር ዳር ገባች ተባለ፤ ከመሳፍንት ጋርም ብዙ አልቆየችም። አስፋልቱ ዳር ያለው ቤት አሁን ስልክ ይጠገንበታል።

ደጊቱ በፈረሱ ቀን ባደረገችው አንድም ጊዜ አልተጸጸተችም። እናቷም ሌላውም ሰው ሲጠይቃት ይህንኑ ሳታፍር ትናገራለች፤ ዛሬም ቢሆን ሐረጉን አጭጄ እወስደው ነበር ትላለች። እንቅልፍ የሚነሳት ያ በሚኒባስ ውስጥ የሳቀችው ሳቅ ነው። ይህንንም ለቄስ ምንይችል የነገረቻቸው ዓመት ቆይታ፣ እሳቸውም ሳይጠይቋት ነው።